የገመቹ ሶላር ለምን እንደሞተ

ይህን እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ንስሐ አባቴ ፊት ስቀርብ ውሸቴን፣ ቁጣዬን፣ የገደፍኩትን ጾም ሁሉ እዘረዝራለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ ግን እዘለውና "ሌላ የለኝም፣ አባ" እላለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ "ሌላ የለኝም" አልኩ። አለኝ። አንድ ሰው የለፋበትን ሥራ አበላሽቻለሁ። ከሥራውም በላይ ሰውየውን አበላሽቻለሁ።

ሰውየው ገመቹ ይባላል፤ የጎረቤታችን የእትዬ በቀለች ልጅ ነው። ቤታችን ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ከፍ ብሎ ባሕር ዛፉ መሀል ነበር። ያኔ ቆጣሪ አልገባልንም። ከተማው እግራችን ሥር እየበራ እኛ በኩራዝ እንተያይ ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቷል። ቤት ውስጥ አልቀመጥ፣ ውጪም አልረጋ፣ ከሁሉም ጋር እጣላለሁ። ገመቹ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። አንድ ቀን መርካቶ የሶላር ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ጭነት ሲያወርድ ዋለና ጠርዛቸው የተሸረፈ፣ ሱቁ የማይፈልጋቸውን ሴሎች በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ። ሴል ማለት ፀሐይዋን ወደ ኤሌክትሪክ የምትቀይረው ሰማያዊ ቁራጭ ናት። ከወረቀት ብዙም አትወፍርም፤ ቸኩላችሁ ካነሣችኋት ቀጭ ትላለች።

"ነይ እስቲ፣ አንቺ ሥራ ፈት" አለኝ። "እጅሽም እንደ ምላስሽ ይፈጥን እንደሆነ እንይ።"

ሁለት ወር ሠራን። መስተዋቱ ከፈረሰ ቤት መስኮት የወጣ ነው፤ ፍሬሙ ባሕር ዛፍ። የብየዳውን ብረት ከሰል ላይ እናግለዋለን፤ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ከማንደጃው ወደ ሴሉ መሮጥ ነው። ገመቹ ሴል ሲያነሣ "ትንፋሽሽን ያዢ" ይለኛል። ሁለታችንም እንይዛለን። ሴሏ ቦታዋ ላይ ስታርፍ አብረን እንተነፍሳለን። ከዚያ ወዲህ ከማንም ጋር አብሬ እንደዚያ ተንፍሼ አላውቅም። ይሄ ይናፍቀኛል። ከሁሉ በላይ የሚናፍቀኝ ይሄ ነው፤ ስሙን እንኳ አላውቀውም።

መጀመሪያ ሰሞን አንዱ የሌላውን ብየዳ እየፈታ ተጣላን። በኋላ ሕግ አወጣን፤ የሱ በቀይ ናስትሮ ይጠቀለላል፣ የኔ በጥቁር። ማንም የሌላውን አይፈታም። ሠላሳ ስድስቱን ሴል እሱ በየደ። ወደ ባትሪው የሚወጣውን መስመር ለኔ ተወልኝ። እዚያ መስመር ላይ ዳዮድ የምትባል ከባቄላ የማትበልጥ ዕቃ አለች። ኤሌክትሪኩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ታሳልፋለች፤ ከተገለበጠች ትዘጋለች። እኔ በየድኳት፣ በጥቁር ጠቀለልኳት። ሶላሩን ከአንድ አሮጌ የሚኒባስ ባትሪ ጋር ስናገናኘው ሠራ። አምፖል በራ። ሰፈሩ ሁሉ ስልኩን ይዞ እትዬ በቀለች ደጅ ተሰለፈ።

ታዲያ ባሕር ዳር ያለ አንድ ሰው ሰፈሩ በስልክ ያነሣውን የሶላሩን ፎቶ አየ። ለገበሬዎች በፀሐይ የሚሠራ የውኃ ፓምፕ ይተክላል። "በዚህ ሳምንት እደውልልሃለሁ፤ ስደውል ተነሥተህ ትመጣለህ" አለው። ገመቹ እየሮጠ መጥቶ ነገረኝ።

"አንቺስ ምን ትላለሽ?"

"ሂድ" አልኩት።

"ስደላደል እደውልልሻለሁ" አለና ራሴን ዳበስ አደረገኝ። ልክ እንደ ታናሽ እህቱ።

ሰኞ ጠዋት ስለ ባሕር ዳር መኪና ሊጠይቅ ላምበረት መናኸሪያ ወረደ። እናቱ ቅጠል ልትለቅም ጫካ ገብታለች። እኔ ከሰል አያያዝኩ። ብረቱን አጋልኩ። ጥቁሩን ናስትሮ ፈታሁ፣ ዳዮዷን ነቀልኩ፣ ገለበጥኩ፣ መልሼ በየድኩ፣ መልሼ ጠቀለልኩ። ጥሩ ብየዳ ነበር። እኔ ነኝ ያደረግኩት፤ ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም፣ ብረቱን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ምን አስቤ ነው? ስልኩ ቢዘጋ፣ ጥሪው ቢያልፍ፣ እዚሁ ይቀራል ብዬ ነው። ፍቅር ነው ልበለው? የሚያፈቅር ሰው እንዲህ ያደርጋል?

ከሶላሩ የሚገባለት ስለቀረ እስከ ረቡዕ ባትሪው አለቀ። የገመቹም ስልክ ቻርጅ ጨርሶ ተዘጋ። ጥፋቴ እዚህ ያበቃል ብላችሁ እንደሆነ አላበቃም። መለኪያ አልነበረንም፤ ከሠላሳ ስድስቱ አንዱ ከተላቀቀ ሁሉም እንደሚሞት ግን እናውቃለን። ስለዚህ የራሱን ብየዳ ጠረጠረ። መስተዋቱን አነሣና ቀዩን ናስትሮ አንድ በአንድ ይፈታ ጀመር። ረዳቱ እኔ ነበርኩ። ብረቱን የማግልለት፣ ፍሬሙን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። እሱ ስህተቱን ሲፈልግ ስህተቱን ይዤለት ቆሜያለሁ።

"የኔ ልጅ" አለች እናቱ፣ "ለአንድ ስልክ ብለህ ዐይንህን ልታጠፋ ነው? ታች ሱቅ ወስደህ ቻርጅ አታደርገውም?"

"እማዬ ደግሞ። የሶላር ባለሙያ ሱቅ ተሰልፎ? ሰፈሩ ምን ይለኛል?"

እንደማይወርድ አውቅ ነበር። ኩራቱን ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ በሱ ነው የተማመንኩት።

ሐሙስ ከሰዓት ጥቁሩ ናስትሮ ዘንድ ደረሰ። ጣቱን አሳረፈበት። እኔ ትንፋሼን ያዝኩ።

"ይሄ ያንቺ ነው አይደል?"

"አዎ።"

"እንግዲያው እሱ ደህና ነው" አለና ወደ ሴሎቹ ተመለሰ።

ፍታው ማለት እችል ነበር። አንዲት ቃል ናት። አላልኩም። ድጋሚ ሲበይዳቸው ሴሎቹ ከሙቀቱ ብዛት መሰነጣጠቅ ጀመሩ፤ አንዱ፣ ሦስቱ፣ ዘጠኙ። በተሰነጠቀ ቁጥር ከንፈሩን ይነክሳል። ሶላሩ አሁን እውነትም ሞተ፣ ያውም በገዛ እጁ።

ዓርብ ታች ወርዶ ስልኩን አስከፈተና ባሕር ዳር ደወለ። ሰውየው ሌላ ቀጥሯል። ሲመለስ ደጃችን ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

"ምን አለኝ መሰለሽ? 'የራሱን ስልክ ማብራት ያቃተው ሰው ነው ፓምፕ የሚያስነሣልኝ?'"

"ባለጌ ነው" አልኩ።

"ኧረ እውነቱን ነው" አለና ሳቀ። ያ ሳቅ አልለቀቀኝም።

ይቀራል ያልኩት ቀረ? ሦስት ሳምንት ቀረ፤ እሱንም ግድግዳ ሲያይ። ከዚያ አንድ ጠዋት ላምበረት ድረስ ሸኘሁት። ኮምቦልቻ ሄደ፤ ዛሬም እዚያው ሲሚንቶ ይሸከማል። እናቱ እንደምትለኝ የተከራየበት ቤት አምፖል ሲቃጠል እንኳ ሰው ይጠራል። "እጄ አይረባም" ይላል አሉ። ያ እጅ። ትንፋሽ ይዞ ሴል የሚያነሣው እጅ።

እኔ ከዚያ ወዲህ ሦስት ቦታ ተቀጥሬ ሦስቱንም ጥያለሁ። ሰፈራችን መብራት ገብቷል። በየጣሪያው ላይ ሶላር ባየሁ ቁጥር ማን ሠራው ብዬ አንጋጥጣለሁ፣ እንደ ሞኝ።

ለምን አትነግሪውም ትሉኝ ይሆናል። ፈርቼ ነው እላለሁ ለራሴ። ውሸት ነው። እትዬ በቀለች በስልክ ባገኘችው ቁጥር ወደኛ ብቅ ትልና "ገመቹ ሰላም ብሎሻል፤ 'የኔ ጎበዝ ረዳት እንዴት ናት?' እያለ" ትለኛለች። ከሱ የቀረኝ ይህችው ናት። ይህችን ላለማጣት ስል ነው ስድስት ዓመት ሙሉ እጁን እንዲጠላ የተውኩት። እሱ ሙያውን አጣ፣ እኔ አንዲት ሰላምታ አተረፍኩ። ይሄን ምን ብዬ ላሳምረው?

እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም፤ ደግሞም ለእናንተ መንገር ቀላል ነው። የስልኩ ቁጥር አለኝ። የምለው አጭር ነው፦ "ሴሎችህ ሁሉ ደህና ነበሩ፤ የዘጋሁት እኔ ነኝ።" ከዚያ በኋላ እትዬ በቀለች ብቅ ስትል የምትነግረኝ ነገር ላይኖራት ይችላል። ይሁን። ሰላምታው ይቅርብኝ።