ረቡዕና ዓርብ በዓቢይ ጾም

የመመረቂያ ጽሑፌን ለፈታኞች ለማቅረብ ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ አባቴ ወዳሉበት ወደ መካነ ሰላም ሄድሁ። እውነቱን ለመናገር የሄድሁት ለመመስገን ነው። አባቴ የደብር መሪጌታ ናቸው፤ የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበትን ባሕረ ሐሳብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ ድምራቸው ሁልጊዜ ሠላሳ ነው። አንዱን ያወቀ፣ ቀንሶ ሌላውን ያገኛል። ፊደል በወጉ ሳልለይ መቀነስ ለመድሁ።

ከቅዳሴ መልስ ግቢው ውስጥ ተቀምጠን፣ "እስቲ የደከምህበትን አስረዳኝ" አሉኝ።

ሳቄ መጣ። ሰሚግሩፕ ኮሆሞሎጂ የሚባል ረቂቅ ሒሳብ ለመሪጌታ! ግን ሞከርሁ። መደመር እንጂ መቀነስ የሌለበት ስብስብ አለ አልኋቸው። ሁለት ነገሮች ሲደመሩ አንድ ትርፍ ይታያል እንበል፤ ትርፉ ከየራሳቸው ዋጋ የመጣ ነው ወይስ መገናኘታቸው ብቻ የወለደው? እኔ በጽሑፌ፣ ትርፉ ሁልጊዜ ከየራሳቸው ነው ብዬ አረጋግጫለሁ። እንዴት ቢሉኝ፣ "ሁለት ነገሮች በየተራ ከሌላ ሦስተኛ ነገር ጋር ተደምረው ድምራቸው እኩል ከሆነ፣ ሦስተኛውን ስናወጣው ራሳቸውም እኩል ናቸው" አልሁ።

አባቴ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

"ቆይ ልጄ። ዓቢይ ጾም ላይ የረቡዕን ጾም ብትጨምር ያው ዓቢይ ጾም ነው። የዓርብን ብትጨምርም ያው ነው። ታዲያ ዓቢይ ጾምን ብታወጣው ረቡዕና ዓርብ አንድ ሊሆኑ ነው?"

መቀነስ የለበትም ባልሁት ስብስብ ውስጥ ራሴ ቀንሻለሁ። ማረጋገጫዬ በሙሉ የቆመው በዚያች ማውጣት ላይ ነበር። አማካሪዬ አላያትም፤ እኔም ከልጅነቴ ስለለመድኋት አላየኋትም። ተናደድሁ፤ ነውሬን ልናገርና፣ የተናደድሁት በራሴ ሳይሆን በእሳቸው ነው።

"ገባኝ ማለት ነው?" አሉ ፊታቸው በርቶ።

"ገብቶዎታል" አልሁ፣ ሌላ ነገር ሳልጨምር።

ሦስት ቀን ዋጥ አድርጌ ያዝሁት። ፈታኞቹም ላያዩት ይችላሉ እያልሁ ራሴን አባበልሁ። እሳቸው ደግሞ ያገኙትን ካህን ሁሉ አስቁመው ስለ ምረቃዬ ይነግሩ ነበር።

በአራተኛው ቀን መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። "ለምረቃው መቼ እንምጣ?" ሲሉኝ ግን መዋሸት አቃተኝ።

"አባ፣ የዚያን ዕለት ጥያቄዎ ጽሑፌን አፍርሶታል። ለአማካሪዬ እናገራለሁ። ዘንድሮ አልመረቅም።"

አባቴ የተማሪ ስሕተት ሰምተው አልፈው አያውቁም። አንዲት ዜማ ብትዛነፍ ከመንገድ አስመልሰው ያስደግማሉ። ያን ቀን ግን የሚኒባሱን በር እንደያዙ፣ "ምነው ምላሴን በቆረጠው" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ትምህርቴ ጠይቀውኝ አያውቁም።