«ልክ ነው» ያልኩበት የተዝካር መጥሪያ

ልጅ ሳለሁ ተረት የሚነገረኝ ከዋሸሁ በኋላ ነበር። ይህን ያህል ዘመን ቆይቼ ስጽፈው እንኳ ፊቴ በእፍረት ይነድዳል።

ተረት ነጋሪዬ የእናቴ አጎት ነበሩ፤ አያ ልመንህ እንላቸዋለን። አባታቸው ብራና ፍቀው፣ መቃ ቀርጸው ዳዊት የሚጽፉ የደብር ሰው ነበሩ። እሳቸው ግን መቃውን ትተው፣ ጎንደር ፒያሳ አጠገብ በነበረች አንዲት ጠባብ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ሆኑ። ከእርሳስ ብረት የተሠሩ ፊደላትን ከሣጥን አንድ በአንድ እየለቀሙ በመስመር ይደረድራሉ፤ የተደረደረው ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ይጫንበታል። እጃቸውን በነጭ ጋዝ ስለሚታጠቡ ቤት ሲገቡ ሽታው ቀድሟቸው ይገባል፤ ጥቁሩ ግን ከጥፍራቸው ሥር ለቅቆ አያውቅም። ያኔ መብራት በየምሽቱ ስለሚጠፋ ፋኖስ እናበራለን፤ አያም የከሰሉን ፍም እየቆሰቆሱ፣ ፊደላችን መጀመሪያ እርሳስ የለበሰው ባሕር ማዶ፣ ዳዊት ሊታተም መሆኑን ያወሩልኛል። ከሁሉ የምወደው የአንድ የደብር አለቃ ተረት ነበር። አለቃው «የማተሚያ ማኪና አይጾም፣ አይሰግድ፤ የጻፈውን ምን ብዬ ልሳለመው?» ብለው የታተመውን ዳዊት ደጅ አሳደሩት። ዝናብ ሲመጣ ግን ሮጠው ወጡና በጋቢያቸው ጠቅልለው፣ «ቃሉ ምን አጠፋ?» እያሉ አስገቡት።

ከተረቱ በፊት ግን ሥራ ነበረኝ። በማተሚያ ቤቱ «አያ የለቀሙት አይታረምም» ይባል ነበር፤ ክብራቸውም እንጀራቸውም ይህ ነበር። ዓይናቸው መፍዘዝ መጀመሩን ከእናቴና ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም። ስለዚህ የሰርግና የተዝካር መጥሪያ ሲሆን፣ የለቀሙትን በሲባጎ አስረው ከእጅ ጽሑፉ ጋር በቦርሳቸው ይዘውት ይመጣሉ፤ እኔ አስተያያለሁ። የእርሳስ ፊደል ደግሞ በመስታወት እንደሚታይ ጽሑፍ የተገለበጠ ነው። ንባቡን ደጋግመው አሳይተውኛል፤ አልገባኝም። አልገባኝም ለማለት ግን አፈርኩ፤ «ዓይኗ የጸሐፊ ዓይን ነው፣ በአባቴ ወጥታለች» ብለው ለጎረቤቱ ሁሉ አውርተውልኝ ነበራ! ወረቀቱን አያለሁ፣ እርሳሱን አያለሁ፣ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ፣ «ልክ ነው አያ» እላለሁ። ተረቱም ይጀመራል። እሳቸው ስለማይሳሳቱ ውሸቴ አይታወቅም ነበር።

አንድ ቀን ምሳቸውን ይዤ ማተሚያ ቤት ስደርስ፣ ነጠላዋን ለኀዘን ያዘቀዘቀች ሴት ከፊታቸው ቆማለች። ከማክሰኝት ነው የመጣችው። በእጇ የአባቷን ተዝካር መጥሪያ ይዛለች።

«ምነው አያ? እኔስ የአባቴ ልጅ አይደለሁም?» አለቻቸው።

ከስድስቱ ልጆች ስም የእሷ መስመር ተዘሏል። ወንድሞቿ ሳያስተውሉ አድለውታል፤ ተዝካሩም አልፏል።

«አገሩ ሁሉ አባቷ ክዷት ነው የሞተ ይላል። ራሱን ደግፌ የከረምኩት እኔ ነበርኩ፤ ለማን ሄጄ ልንገር?»

መጥሪያውን አውቀዋለሁ። ፍሙ አጠገብ እርሳሱን በእጄ ይዤ፣ የአለቃውን ተረት እንዲደግሙልኝ ቸኩዬ «ልክ ነው» ያልኩት እሱን ነበር።

አያ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አራቁት፣ መልሰው አስጠጉት።

«ዓይኔ ነው እመቤቴ፤ ዓይኔ ከድቶኛል። ከኔ በቀር ጥፋተኛ የለም» አሉና ጎንበስ ብለው ጉልበቷን ሊይዙ ሲሉ ደንግጣ አነሣቻቸው። ወደ እኔ አልዞሩም። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ደግ ሰው ነበር፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከእንግዲህ ቤትዎ ይረፉ አያ» አላቸው። እኔ ሳህኑን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የኔ ግን ወለምታ አልነበረም፣ ልማድ ነበር። «እኔ ነኝ» ማለት እችል ነበር። አላልኩም።

በዚያ ምሽት አያ ከኪሳቸው ጥቂት ፊደላት አወጡና በጣታቸው እየዳሰሱ አንዲት አጭር መስመር ደረደሩ። ሰጡኝና «በይ አንብቢ» አሉ። ያዘንኩ እንዲመስልም፣ ያነበብኩ እንዲመስልም ቅንድቤን ሰብስቤ አየሁት።

«አነበብኩት አያ።»

ፋኖሱን አንሥተው ፊቴን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ መስመሯን በሲባጎ አስረው በአንዲት ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አስቀመጡና «የአንቺ ናት» አሉ። ተረት አልተነገረም፤ ከዚያ ወዲያም እስኪሞቱ ድረስ አልተነገረኝም። ሣጥኗን መክፈት ፈርቼ እናቴ ዘንድ ተውኳት። ወደ ባሕር ዳር ስሄድም መኪናው ማክሰኝት ሲቆም፣ ያች ሴት ከገበያተኛው መካከል የምታየኝ ይመስለኝና ፊቴን ከመስኮቱ አዞራለሁ።

አሁን እኔም ከማተሚያ ቤት ነኝ፤ በኮምፒዩተር እሠራለሁ። በቅርቡ ግን ሙሽሮች በጣት ሲዳሰስ ፊደሉ ወረቀቱ ውስጥ የሰመጠ መጥሪያ መፈለግ ጀመሩ፤ አለቃችንም ከጓዳ የተጣለውን አሮጌ የእርሳስ ፊደል ማሽን አስጠገነ። ያን በልጅነቴ አልገባኝም ለማለት ያፈርኩበትን ንባብ በሦስት ቀን ለመድኩት። ሦስት ቀን ብቻ! አንድ ጊዜ እውነቱን ብናገር ኖሮ አያ በሦስት ምሽት ያስለምዱኝ ነበር።

ባለፈው እሑድ ከጎንደር ወጣ ብላ ወዳለችው ፀዳ፣ እናቴ ቤት ሄድኩና ሣጥኗን ከፈትኩ። ሲባጎው ጠቁሯል፤ ነጭ ጋዙ አሁንም የሚሸት መሰለኝ። መስመሯን ወደ መስኮቱ ይዤ ፊደል በፊደል አነበብኳት። ሁለት ቃል ነበረች።

«ካነበብሽው ሳቂ።»

ፋኖሱን አንሥተው የጠበቁኝ ለዚህ ነበር፤ ወይ ሳቄን፣ ወይ «አላነበብኩም» የምትለዋን እውነት። እኔ ግን ቅንድቤን ሰብስቤ ተቀምጬ ነበር።

እናቴ ከጓዳ «ምን ይላል?» አለችኝ። አሁን በእርግጥ አንብቤዋለሁ። ልነግራት ግን አፌ እምቢ አለኝ።