አረንጓዴ ክር የታሰረበት ፍላሽ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ሐሜቴን፣ ጾም መግደፌን ስዘረዝር እንኳ ይህችን ዘልያታለሁ። መዝለል ልማዴ ነው፤ የሰይድንም ቀበሌ የዘለልኩት እኔ ነኝ።

በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የእንስሳት መረጃ ሠራተኛ ነኝ። አሥራ ሁለቱ ቀበሌዎች የባለቤቶችን ስምና የበግና የፍየላቸውን ቁጥር በየፋይላቸው ይልኩልኛል። ኤክሴል ላይ የሠራሁት ማክሮ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ፋይሎቹን አንድ በአንድ እየከፈተ ይደምራል፤ ድምሩ ደብረ ብርሃን ይሄዳል፤ ክትባት የሚመጣው በዚያ ልክ ነው። ማክሮው መጀመሪያ ላይ አንድ ፋይል ሲያጣ ቆሞ ይጮኽ ነበር። ቀበሌዎቹ ሁሌ ስለሚያዘገዩ ጩኸቱ ሰለቸኝና "ያጣኸውን እለፈው" የሚል ትእዛዝ ጻፍኩበት። ያሠለጠነን ሰው "ከመክፈቱ በፊት ፋይሉ መኖሩን እንዲያይ አድርጊው፤ አንድ መስመር ናት" ብሎኝ ነበር። ሰንፌ ነው? አይደለም፤ ኮርቼ ነው። የእኔ ማክሮ ሳይቆም መሄዱ ያስመሰግነኝ ነበር።

ሰይድ የቆላው ቀበሌ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበር። እነሱ ጋ ኔትወርክ ስለማይሠራ ዳገቱን ወጥቶ ፋይሉን በፍላሽ አመጣልኝ። እንዳይጠፋበት አረንጓዴ ክር አስሮበታል። "እህቴ፣ አደራ" አለኝ። አሁን እገለብጠዋለሁ ብዬ መሳቢያ ውስጥ ጣልኩትና ረሳሁት። በማግሥቱ ኃላፊያችን ሲያጣድፉኝ ማክሮውን አስነሳሁት፤ ትንፍሽ ሳይል ጨረሰ። ድምሩን አትሜ ሰጠሁ። የአሥራ አንድ ቀበሌ ድምር ነበር።

ክትባቱ ሲመጣ ለሰይድ ቀበሌ ምንም አልነበረም። ሌላ እስኪጠየቅ የፍየል ፈንጣጣ ቀደመ። ዘይነባ የምትባል ባሏ የሞተባት ጎረቤቱ ሰባት ፍየሎቿን ቀብራ በሩ ላይ ቆመች፤ "ስሜን ሳትጽፈው ነው ጽፌዋለሁ ያልከኝ?" አለችው።

ለጉዳዩ ግምገማ ተጠራ። የግምገማው ዕለት ጠዋት መሳቢያዬን ስከፍት ክሩን አየሁት። አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ሰይጣን አይደለም።

ሰይድ ቆሞ "ወላሂ በእጇ ሰጥቻታለሁ። እህቴ፣ እስቲ አስታውሺ" አለ። እኔ ተነስቼ ግለ ሂስ አደረግኩ፤ "ፋይሉ አልደረሰኝም፤ ሆኖም ደውዬ አለማስታወሴ የእኔ ድክመት ነው" አልኩ። ኃላፊያችን "ግለ ሂስ ማለት እንዲህ ነው" ብለው ለሌሎቹ ምሳሌ አደረጉኝ። ቦርሳው ጭኔ ላይ ነበር። ከውሸትስ እንዲህ ያለ ውሸት አለ? ትንሽ ጥፋት አውጥቼ ትልቁን ሸፈንኩበት፤ ጭራሽ ተመሰገንኩበት። ለሰይድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፉለት፤ የቆላውን ሰው ወደ ጣርማ በር ብርድ አዛወሩት።

ሊሄድ ሲል ቢሮዬ መጣ። ሊወቅሰኝ መስሎኝ ነበር፤ ምነው በወቀሰኝ። "እህቴ፣ ምናልባት መንገድ ላይ ጥዬው የሰጠሁሽ መስሎኝ ይሆን? በሐሰት ምዬ ከሆነ ንገሪኝ፤ ልጹምበት" አለኝ።

"እንጃ፣ ሊሆን ይችላል" አልኩት።

ሦስት ቀን መጾሙን ኋላ ከባልደረቦቹ ሰማሁ። እሱ የማለው እውነት ነበር፤ የጾመው ለእኔ ውሸት ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ቦርሳ ውስጥ የተቆለፈችውስ በምን ትጠራለች? ዛሬ ያቺን አንድ መስመር ጽፌያታለሁ፤ ማክሮው ፋይሉ መኖሩን ሳያይ አይከፍትም፤ ቢሮው ጎበዝ ይለኛል። የሰይድ ስልክ ቁጥር አለኝ፤ ደውዬለት አላውቅም። እናንተ ይቅር ብትሉኝ ምን ያደርግልኛል? አደራውን የበላሁት የእናንተን አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ፍላሹን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰክቼ ከፈትኩት። ፋይሉ አለ። ወረድ ብሎ ዘይነባ ይላል፤ ከስሟ ፊት ለፊት ፍየል፣ ሰባት።