አባባ ሐምራዊ የቀቧቸው ጫጩቶች

ልጅ ሳለሁ አያቴ ተረት ያቆሙበት አንድ ዓመት ነበር። ጎንደር እያለን ከብቱ ከገባና እራት ከተበላ በኋላ አባባ አዛናው ከእሳቱ ጎን መደቡ ላይ ተቀምጠው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ቤቱ ጸጥ ይል ነበር፤ ጭሱ ዓይናችንን ቢያቃጥለንም ፍሙ እስኪከስም ድረስ ማንም አይነሳም። በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ስንመጣ ሴት አያቴ መንገድ ላይ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ አባባ «እህ» እና «ይሁን» ከማለት በቀር ብዙም አይናገሩም። ሃይፋ ከተማ፣ ኔቬ ዮሴፍ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ሲሰጠን እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አባባ ከጧት ጀምረው ጋቢያቸውን ተከናንበው መስኮቱ ዳር ይቀመጡና የፋብሪካዎቹን ጭስ ማውጫና ከዚያ ወዲያ ያለውን ባሕር ሲያዩ ይውላሉ። እናቴ ሆስፒታል ውስጥ በጽዳት ትሠራ ስለነበር፣ ከትምህርት መልስ ቤት የምንውለው እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን።

ከትምህርት ቤት የሚያመጡኝም እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን አባባ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ሲጠብቁኝ የክፍሌ ልጆች አይተው «አንሶላ የለበሰው ሰውዬ መጣ» ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። አባባ ከሩቅ ስለነበሩ ያዩኝ አልመሰለኝም።

ያን ክረምት ክፍላችን ውስጥ በአምፖል ሙቀት የሚያድጉ ዐሥራ ሁለት ጫጩቶች ነበሩን። የሓኑካ በዓል ዕረፍት ሲደርስ መምህራችን፣ «ሞራ» ማለትም መምህርት ኒራ፣ ስምንቱን ቀን ማን ወስዶ ሊጠብቃቸው እንደሚችል ጠየቀች። ማንንም ሳላማክር እጄን አወጣሁ። «አያቴ አገር ቤት ዶሮ ያረቡ ነበር» አልኩ። እውነት ነው፤ ግን እጄን ያወጣሁት አንዴ እንኳ የሁሉም ዓይን በደግ እንዲያየኝ ፈልጌ ነበር። ሞራ ኒራ ሳጥኑን፣ መኖውንና ትልቁን ነጭ አምፖል መኪናዋ ላይ ጭና እስከ ደጃችን አደረሰችኝ።

አባባ ሳጥኑን አንድ ጊዜ አጎንብሰው አዩና ወደ መስኮታቸው ተመለሱ። ዝናቡ አያባራም፣ ነፋሱ በበሩ ሥር ይገባል። ጫጩቶቹ በብርድ ይሞቱብኛል ብዬ ሳጥኑን ከኬሮሲን ማሞቂያው አስጠጋሁት፤ አምፖሉንም ዝቅ አድርጌ፣ ጀርባቸውን ሊነካ እስኪደርስ ሰቀልኩት። ሌት ተቀን አበራሁላቸው። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጧት ጩኸታቸው ሌላ ሆኖ ሰማሁት። አንዲቱ ጥግ ውስጥ ተወሽቃለች። ጅራቷ ላይ ላባ አልቀረም፤ ቆዳዋ ተገልጦ ይደማል። ሌሎቹ በተራ እየመጡ እዚያው ቀይ ቦታ ላይ ነቆር ያደርጓትና ይሄዳሉ፣ ተመልሰው ይመጣሉ። በእጄ ባባርራቸው በጣቶቼ መካከል እየሾለኩ ይነቁሯታል።

«አባባ፣ እየበሏት ነው» አልኩ።

ተነሡ። ጫጩቷን አንስተው በሁለት መዳፋቸው ውስጥ ሸሸጓትና መንቀጥቀጧን እስክትተው ድረስ ጋቢያቸው ሥር ያዟት። ከዚያ ወደ ሳጥኑ እያዩ፣ ከመጣን ወዲህ ያልሰማሁትን ያህል ተናገሩ።

«ሞቋቸዋል። ጠቧቸዋል። ይኼ መብራት ደግሞ ፀሐይ አልጠልቅም ያለች ያህል ነው፤ መች ይተኙ? ውሃ ለብ አድርጊ፣ ጨው ጣል አድርጊበት።»

ቁስሉን በጨርቅ እያረጠቡ ቀስ ብለው አጠቡት። ደሙ ቆመ፤ መቅላቱ ግን እንዳለ ነው። «ቀይ ካዩ አይተዋትም» አሉ። «አገር ቤት ቢሆን ጥላሸት በቅቤ ለውሼ እሸፍነው ነበር። እስቲ ታች ያለችውን ሴትዮ ጠይቂያት፤ ቁስል የሚያጠቁር መድኃኒት አይጠፋትም።»

ታች የምትኖረው ሲምሓ ከሞሮኮ የመጣች ሴት ነበረች። ከእኛ ጋር የነበራት ንግግር በመጥረጊያ እንጨት ብቻ ነው፤ እኛ ስንረግጥ እሷ ጣሪያዋን ትደበድባለች። በሯን ፈራ ተባ እያልኩ አንኳኳሁ። ቁስል በዕብራይስጥ ምን እንደሚባል ጠፋኝና «ዳም፣ ዳም» አልኳት፤ ደም ማለት ነው። ሰው የተጎዳ መስሏት በነጠላ ጫማዋ ደረጃውን እየሮጠች ወጣች። ሽማግሌው ጫጩት ይዘው ቆመው ስታይ ወንበር ላይ ዘፍ ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ትታ ቁስሉን አየችና፣ እናቷም በመንደራቸው ዶሮ ታረባ እንደነበረ ነገረችን። ወርዳ ስትመለስ የልጆቿን የአፍ ቁስል የምትቀባበትን ሐምራዊ መድኃኒት፣ ትንሽ አምፖልና ባዶ የፍሪጅ ካርቶን ይዛ መጣች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ሦስታችን ሠራን። አባባ ካርቶኑን ቆርጠው ሰፊ ቤት ሠሩላቸው፣ ትንሹን አምፖል ከፍ አድርገው በአንድ ወገን ብቻ ሰቀሉት፤ የሞቀው ወደ ጥላው እንዲሸሽ ነው። ከላይ ጎመን በክር አንጠለጠሉላቸው፤ መንቆር ካማራቸው እሱን ይንቆሩ አሉ። ሐምራዊውን መድኃኒት ቁስሉ እስኪደርቅ ይቆይ ብለው አስቀመጡት። የታመመችው ለብቻዋ በጫማ ካርቶን ውስጥ ሆነች፤ አንዲት ጭምት ጫጩት ግን አብራት ገባች። «ብቻዋን ከከረመች ስትመለስ እንግዳ ትሆንባቸዋለች» አሉኝ። ሲምሓ በዕብራይስጥና በዐረብኛ፣ አባባ በአማርኛ ያወራሉ። ከሱዳን የቀረቻቸው «ሹወያ ሹወያ» የምትል ቃል፣ ቀስ በቀስ ለማለት፣ ሁለቱን አገናኘቻቸው፤ እስኪመሽ በእሷ ብቻ ተግባቡ።

እኔ ግን ቸኮልኩ። በማግስቱ አባባ ትንሽ ሸለብ ሲያደርጋቸው ቁስሉ ጠቁሮ አየሁትና የዳነች መስሎኝ መልሼ ከተትኳት። ውሃ ቀድቼ እስክመለስ ድረስ ሌሎቹ ቅርፊቱን አንሥተውታል። በነጋታው አልበላችም፤ ዓይኗን ጨፍና ጎኗ ላይ ተኛች። አባባ አልተቆጡኝም። ጣታቸውን ስኳር ውሃ ውስጥ እየነከሩ ከመንቆሯ ጫፍ ላይ ያንጠባጥቡላት ነበር፤ አንድ ጠብታ፣ ቆየት ብሎ ሌላ። እናቴ ከሥራ ስትገባ ሁለታችንም መሬት ላይ ተቀምጠን አገኘችን። ኮቷን ሳታወልቅ አጠገባችን ተቀመጠች። ጫጩቷ አመሻሹ ላይ ራሷ መንቆሯን ከፍታ ዋጠች።

ዕረፍቱ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ቁስሉ ደረቀ። ፀሐይ ካርሜል ተራራ ጀርባ ገብታ፣ ከማሞቂያው ቀይ ፍካትና ከትንሿ አምፖል በቀር ብርሃን ሳይኖር፣ አባባ ሐምራዊውን መድኃኒት አወጡ። በሽተኛዋን ብቻ ሳይሆን ዐሥራ ሁለቱንም እየያዙ ጅራታቸው ላይ በጨርቅ ጫፍ ነካ ነካ አደረጓቸው።

«ደህናዎቹን ለምን ይቀቧቸዋል?» አልኳቸው።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እናቴ ሰሐን ታጥብ ነበር፤ የቧንቧውን ውሃ ዘጋች።

«አንዲት ዶሮ ነበረች» አሉ። «ጫጩቶቿ በእንጆሪ ቁጥቋጦ ሥር ሲሄዱ፣ የበሰለ እንጆሪ ወድቆ የአንዲቱ ራስ ላይ ፈሰሰ። ወንድሞቿ ፍሬ መስሏቸው ነቆሯት። ራሷ እውነት ደማ፤ ያኔ የባሰ ነቆሯት። እናቲቱ ብትቆጣ አልሰሙም፣ ብትመታ አልሰሙም። ልጄን ይዤ ልሂድ አለች፤ ሌሎቹን ለማን ትታ? ኋላ ቁጥቋጦውን በክንፏ መታችው። እንጆሪው በሁሉም ላይ ዘነበ። ቀዩ ሁሉም ዘንድ ስለሆነ የሚነቆር ጠፋ። አንዱ ሌላውን ቢያይ ራሱን አየ። ከዚያማ ምን ያደርጋሉ፣ መሬቱን እየጫሩ እራታቸውን ፈለጉ።»

ተረቱ አጭር ነበር። እናቴ በእርጥብ እጇ ፊቷን ሸፍና በሩ ላይ ቆማ ነበር። እኔ ግን የትምህርት ቤቱ አጥር ትዝ አለኝ።

«አባባ፣ እኔም ስቄብዎታለሁ» አልኩ። «ልጆቹ ሲስቁብዎት።»

«አውቃለሁ፤ አይቼሻለሁ» አሉ። የቆሰለችውን ጫጩት ከእጃቸው ወደ ትልቁ ካርቶን እያወረዱ ነበር። «ጠቦሽ ነበር ልጄ። ጫጩት ክፉ ሆኖ አይነቁርም፤ ሲጨንቀው ነው። አሁን ዝም በይና እያት።»

ጫጩቷ በሌሎቹ መካከል ተሹለክልካ ገባች። አንዱ ቀረብ ብሎ ጅራቷን አየ፤ ከጎኑ ያለውን ጫጩት ጅራት አየ፤ ከዚያ ተጠግቷት ተኛ። ሌሎቹም እንደዚያው።

ዕረፍቱ ሲያልቅ ካርቶኑን ከአባባ ጋር ተሸክመን ገባን። ልጆቹ ሐምራዊ ጅራቶቹን አይተው ተንጫጩ። ሞራ ኒራ ለአባባ ወንበር ስባ «ለምን ሐምራዊ እንደሆኑ እስቲ ይንገሩን» አለች፤ አባባ ተረቱን ሲናገሩ እኔም ከጎናቸው ቆሜ ወደ ዕብራይስጥ መለስኩ። ብዙ ቃል ጎድሎኝ ነበር፤ እንጆሪን በዕብራይስጥ ስላላወቅሁት ቲማቲም አደረግሁት። ማንም አልሳቀም። ሲጨርሱ አንድ ልጅ «ሌላ ተረት አለህ?» አላቸው፤ ለሽማግሌ አንተ ማለቱ ቢያሳፍረኝም ተረጎምኩላቸው። አባባ ፈገግ ብለው «ሞልቶኛል፤ ጊዜ ይስጠን በይው» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ በሳምንት አንድ ቀን ክፍላችን እየመጡ ጫጩቶቹን ያያሉ፣ አንድ ተረትም ይነግሩናል።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሩ። ከተረቶቹ ብዙዎቹን ረስቻቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹን ደግሞ እሳቸው የነገሩኝ ይሁኑ እኔ ስተረጉም የፈጠርኳቸው መለየት አቅቶኛል። ዛሬ ሃይፋ አጠገብ ባለችው ክርያት ቢያሊክ ከተማ ውስጥ በአንድ የሕፃናት መዋያ እሠራለሁ። ሕፃን ሕፃንን ሲነክስ ወይም ሲቧጭር ወላጅ መጥቶ «ጥፋተኛው የቱ ነው?» ይለኛል። መልስ ከመስጠቴ በፊት ክፍሉን አየዋለሁ፦ ታፍኖ ይሆን፣ እንቅልፋቸው ደርሶ ይሆን፣ ዐሥራ አምስቱ በአንድ ምንጣፍ ላይ ታጭቀው ይሆን። ከዚያ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ የተጎዳውን አቅፌ እንባውን አብሳለሁ፣ የነከሰውንም በሌላው እጄ እይዘዋለሁ። ሁልጊዜ አይሳካልኝም። ብዙውን ቀን ግን፣ ወላጆቹ ኮታቸውን ሊያለብሷቸው ሲመጡ፣ ሁለቱ ልጆች እርስ በርስ ተደጋግፈው ቤት ሲሠሩ ያገኟቸዋል።