ለፕሮፌሰሩ የላክኳቸው ሽማግሌዎች

ልጄ አቤቱታ ማስገባቷን የነገረችኝ መኪና ውስጥ ነው። እንደ ሁልጊዜው ሴንትራል ፓርክ የሚባለው ባቡር ጣቢያ ጠብቄ አሳፈርኳት። ነጭ ዘንጓን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አኖረች፤ ቀበቶዋን አሰረች፤ ከዚያ ምሳ ምን እንደበላች የምትነግረኝ ይመስል፣ «ስለ ስታቲስቲክስ ክፍሌ ኮምፕሌይንት አስገባሁ» አለች።

«በማን ላይ?»

«በኩዊዙ ላይ። ያው፣ በፕሮፌሰሩ ላይ ነው መሰለኝ።»

ሳላስበው ፍሬን ያዝኩ። ከኋላዬ የነበረው ሰውዬ ጡሩምባውን ለቀቀብኝ።

ያቺን ቃል በደንብ አውቃታለሁ። እዚህ አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ፣ በአንድ ሆስፒታል የሕመምተኛ ክፍል አጸዳለሁ። እኛ ዘንድ ሰው ኮምፕሌይንት ከጻፈብሽ ሱፐርቫይዘሯ ትጠራሻለች፣ ወረቀት ታስፈርምሻለች፣ ያ ወረቀት ፋይልሽ ውስጥ ከገባ አይወጣም። አንዷ የሥራ ጓደኛዬ እንዲህ ሆና ነው ከሥራ የወጣችው። ልጄ ደግሞ ይህን ነገር በአስተማሪ ላይ ጻፈች፤ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ገና በሁለተኛ ወሯ።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ለአስተማሪ ያለኝ ፍርሃትም የአራተኛ ክፍል ልጅ ፍርሃት ነው፤ ከዚያ ወዲህ አላደገም። ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ዓይኗ እየደከመ መጥቶ፣ አሥራ አራት ዓመት ሲሆናት ብርሃንና ጨለማን ከመለየት በቀር የምታየው አልነበራትም። ከዚያ በኋላ ምድጃው፣ ደረጃው፣ የመንገዱ መኪና፣ ሁሉም ያስፈራኝ ጀመር። እሷ ግን ምድጃውንም ደረጃውንም መንገዱንም ተማረች።

የምታነበው በጆሮዋ ነው። ላፕቶፗ ውስጥ ስክሪን ሪደር የሚሉት ፕሮግራም አለ፤ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን በድምፅ ያነብላታል፤ እሷም ማውዝ ሳትነካ በኪቦርዱ ቁልፍ ብቻ ከመስመር ወደ መስመር ትሄዳለች። መጀመሪያ ሰሞን ቀስ ብሎ ስለሚናገር እኔም አንዳንድ ቃል እይዝ ነበር። እሷ ግን እያፈጠነችው፣ እያፈጠነችው ሄዳ፣ አሁን ለእኔ የሚሰማኝ ፈንዲሻ ሲፈነዳ ነው። አንድ ቀን የክርስትና እናቷ ቤታችን መጥታ፣ «ይሄ ሬዲዮ ተበላሽቷል፣ አጥፉት እንጂ!» አለች። ልጄ ከዚያ ከተበላሸው ሬዲዮ የታሪክ መጽሐፍ ታጠና ነበር።

የስታቲስቲክሱ ጣጣ እንዲህ ነው። በየሳምንቱ በኢንተርኔት የሚሠራ ኩዊዝ የሚሉት አጭር ፈተና አለ። ገጹን የሠሩት ሰዎች ሥዕሎቹ ላይ መግለጫ፣ የመልሶቹ ቁልፎች ላይ ስም አልጻፉም። ፕሮግራሙ ግራፉ ጋ ሲደርስ «ኢሜጅ» ይላል፤ መልሶቹ ጋ ሲደርስ «በተን፣ በተን፣ በተን፣ በተን» ይላል፤ ሥዕል አለ፣ ቁልፍ አለ ከማለት አያልፍም። የቱ በተን የቱ መልስ እንደሆነ አይታወቅም። ልጄ ለፕሮፌሰሩ ነገረችው። እሱም ደግ ሰው ነው፤ «አትጨነቂ፣ ኩዊዙን ተዪው፣ ሙሉ ማርክ እሞላልሻለሁ» አላት።

«ታዲያ ምን አጠፋ?» አልኳት እየነዳሁ። «ሙሉ ማርክ ሰጠሽ!»

«ምንም ሳልሠራ፣ እማዬ?»

«እግዜር ይስጥልኝ ይባላል እንጂ ይከሰሳል?»

«ሊስን፣ ስሚኝ። ሌሎቹ በየሳምንቱ የት እንደተሳሳቱ እያወቁ ይሄዳሉ። እኔ ሙሉ ማርክ ይዤ፣ ባዶ ጭንቅላቴን ይዤ ፋይናል እገባለሁ። የሚቀጥለው ኮርስ ደግሞ በዚህ ላይ ነው የሚሠራው። ያኔ ስወድቅ ‹ስለማታይ ነው› ይላሉ።»

ሰፈራችን ሎውሪ እስክንደርስ መንገዱን ብቻ እያየሁ ነዳሁ።

በማግስቱ አልጋ እያነጠፍኩ የማስበው ሌላ ነበር። ፕሮፌሰሩ አለቃው ሲጠራው ታየኝ፣ ወረቀት ሲፈርም ታየኝ፣ ክፍል ገብቶ ልጄን በክፉ ዓይን ሲያያት ታየኝ። እሷ ያንን ዓይን እንኳ አታይም። የምሳ ሰዓት ሲደርስ ወሰንኩ። ሰው ሲጣላ የሚደረገውን አላውቅም እንዴ? ሽማግሌ ይላካል።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ባልና ሚስት ሲጋጩ፣ አከራይና ተከራይ ሲካሰሱ የሚጠሩ አንድ ሰው አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ብዙ ዓመት የኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ነድተው ጡረታ ወጥተዋል፤ እንግሊዝኛቸው ጥሩ ነው። ደወልኩላቸው።

«ፈረንጅ ሽማግሌ ያውቃል እንዴ?» አሉኝ።

«እርስዎ ያስረዱታላ፣ ጋሼ።»

ትንሽ አሰቡና፣ «ሱፍ ልልበስ?» አሉ።

«ይልበሱ።»

ሁለተኛዋ ሽማግሌ የክርስትና እናቷ ሆነች። አረጋውያንን በየቤታቸው የምትንከባከብ፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት። ለልጄ ምንም አልነገርኳትም። የፕሮፌሰሩን ቢሮ አውቀዋለሁ፤ መጀመሪያ ሳምንት መንገዱን በዘንግ ስታጠና እስከ በሩ ድረስ አብሬያት ሄጄ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት ተማሪ የሚያነጋግርበት ቀን ነው፤ ያን ጊዜ እሷ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ክፍል አላት።

ሐሙስ ዕለት ፓርክ አድርገን ስንወርድ ጋሼ ክራቫታቸውን አስተካከሉ። የክርስትና እናቷ ነጠላ አጣፍታ፣ በፎይል የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ታቅፋለች። «ባዶ እጅ አይኬድም» አለች ሳልጠይቃት።

አንቱ ልለው ተዘጋጅቼ ነበር፤ በሩን የከፈተው ግን ስኒከር ያደረገ፣ ጢሙን ያሳደገ ወጣት ሆኖ አገኘሁት። የልጄን ስም ነገርነው። ሁለት ወንበር ጎተተልን።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሼ በእንግሊዝኛ።

ሰውዬው እሱም ቆሞ ቀረ። የክርስትና እናቷ ያስታቀፈችውን ዳቦ የት እንደሚያኖር ጨንቆት በክንዱ ይዞታል። አራታችንም በዚያች ጠባብ ቢሮ ቆመን ጋሼ ንግግራቸውን ጀመሩ፤ ልጅ ናት፣ የምታደርገውን አታውቅም፣ እናትዋ ብቻዋን ያሳደገቻት ናት፣ ስለ እግዚአብሔር ብለህ ይቅር በላት። የሰውዬው ፊት ቀላ። እጁን አነሳና የሆነ ነገር ተናገረ።

«ያለ ተማሪዋ ፈቃድ ስለ ተማሪ መናገር ሕግ ይከለክለኛል ይላል» አሉ ጋሼ ወደ እኔ ዞረው።

«የወለደቻት እኮ እዚህ ቆማለች!» አለች የክርስትና እናቷ።

«ሕግ ነው ብሏል፣ ተይው። እሱ ዝም ይበል፣ እኛ እንናገር።» ጋሼ መልሰው ወደ ሰውዬው ዞሩ። «እንግዲህ ሽማግሌ ሁለቱንም ወገን ይሰማል። ሰው በመሬት ድንበር ሲጣላ ድንበሩ ድረስ ሄደን እናያለን። ያጣላችሁን ነገር አሳየን።»

ሰውዬው ግራ ተጋባ፤ ግን ኩዊዙን ማሳየት የሚከለክል ሕግ አላገኘም። ዳቦውን መጻሕፍቱ ላይ አኖረና ገጹን በኮምፒዩተሩ ከፈተ። ቆንጆ ነው፣ ባለ ቀለም ነው። በማውዙ ጠቅ ጠቅ አደረገ፤ ሁሉም ይሠራል። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለው አዩ።

«ልጅቷ እንደዚህ ነው የምታነበው?» አሉ።

ሰውዬው አይደለም አለ፤ በድምፅ እንደምትሰማ ያውቃል፤ በኮምፒዩተሩ ግን ድምፁ እንዴት እንደሚከፈት አያውቅም።

እኔ አውቃለሁ። ኮምፒዩተሩ ከልጄ ላፕቶፕ ጋር አንድ ዓይነት ነው። «ኤክስኪዩዝ ሚ» ብዬ እጄን ሰደድኩ። በሕይወቴ ሙሉ ኮምፒዩተር የነካሁት አቧራውን ለመጥረግ ብቻ ነበር። ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫንኩ፤ ድምፁ ተነሳ። ሰውዬው አየኝ፤ የክርስትና እናቷም አየችኝ።

«አሁን ዓይንህን ጨፍንና የመጀመሪያውን ጥያቄ መልስ» አሉ ጋሼ።

ጨፈነ። በቁልፍ ወደፊት ሄደ። «ኢሜጅ። በተን። በተን። በተን። በተን።» ወደ ኋላ ተመለሰ። «በተን። በተን። ኢሜጅ።» ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረገ። ከዚያ ዓይኑን ገልጦ ቁጭ አለ፤ ጉዳያችን ሳይጨረስ የተቀመጠው እሱ ነው።

ቀስ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ። «ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር ይላል» ብለው ጋሼ ተረጎሙልን።

«ደግነቱንስ ደግ ነው» አለች የክርስትና እናቷ። «ፈተናዋን ነው የነጠቃት። ንገሩት።»

ጋሼ ነገሩት። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። ማንም በእንዲህ ያለ አቤቱታ ከሥራ እንደማይባረር፣ የሚመለከተው ቢሮ እንዴት ይስተካከል ብሎ ብቻ እንደሚጠይቅ ነገረን። ጋሼ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ኮታቸውን ቆለፉ።

«እኛ የመጣነው ይቅር በላት ልንልህ ነበር» አሉት። «አሁን ነገሩን አየነው። ልጅቷ ጥፋት የለባትም። ኩዊዙ ይስተካከል፤ እንደ ጓደኞቿ ትፈተን። ፍርዳችን ይህ ነው።» ወደ እኔ ደግሞ በአማርኛ፣ «አንቺም እዚህ ይቅርታ መጠየቅሽን ተዪና ሂጂ ልጅሽን ይቅርታ ጠይቂ» አሉኝ።

በነገርኳት ጊዜ ልጄ መጀመሪያ የማወራው ቀልድ መሰላት።

«ሽማግሌ? ፕሮፌሰሬ ቢሮ? በነጠላ?»

«ነጠላ የለበሰችው እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም።»

«ኦ ማይ ጋድ፣ እማዬ!» ድምፅዋ ተሰበረ። «እንደ ትልቅ ሰው እንዲያዩኝ ስንት ለፋሁ! አንቺ ሄደሽ ይቅርታ ጠየቅሽልኝ። የምን ይቅርታ? ምን አድርጌ?»

ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ጣቢያ ስጠብቃት ትገባለች፣ ትወርዳለች። እኔ በአገሬ ወግ እናት ልጇን ይቅርታ ስትጠይቅ አይቼ አላውቅም። በሦስተኛው ቀን መኪናዬን አቁሜ ሞተሩን አጠፋሁ።

«አጥፍቻለሁ» አልኳት። «የፈራሁት አንቺ ያጠፋሽ መስሎኝ ነው። አላጠፋሽም። ሳልጠይቅሽ ሁለተኛ አልሄድም።»

ዘንጓን ጭኗ ላይ አስተካክላ፣ «እውነት ዓይኑን አስጨፈናችሁት?» አለች።

«ጋሼ ናቸው ያስጨፈኑት።»

«ድምፁን ማን ከፈተው?»

«እኔ።»

«አንቺ? በየትኛው ቁልፍ?»

ነገርኳት። ትክክል ነበር። «እንዴት አወቅሽ?» አለችኝ።

«ጣቶችሽን ሳይ ነዋ። ሌላ ምን አያለሁ?»

ሳትፈልግ ሳቀች። እኔም ሞተሩን አስነሳሁ።

ፕሮፌሰሩ የገጹን ባለቤቶች መጠበቅ ትቶ ኩዊዞቹን ራሱ በጽሑፍ መጻፍ ጀመረ። ግራፎቹን በቃላት ገለጻቸው፤ የትኛው አምድ ረጅም ነው፣ የትኛው አጭር ነው፣ እያለ። የመጀመሪያውን ሲልክላት ሰምታ ጨረሰችና ጭንቅላቷን ያዘች።

«ምነው፣ አሁንም በተን በተን ይላል?»

«አይ፣ በደንብ ያነባል። ግን ግራፉን ሲገልጽ መልሱን አብሮ ነገረኝ!»

«ተዪው፣ አንዴ ነው፣ ሥሪና ማርክሽን ውሰጂ» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። እሷ ቁጭ ብላ ጻፈችለት፤ መግለጫው መልሱን አውጥቶብኛል፣ ሌሎቹ ከሥዕሉ የሚያገኙትን ብቻ ንገረኝ፣ የቀረውን እኔ ላስብ ብላ። ጽፋ ስትጨርስ በአማርኛ ነገረችኝ። ምስኪኑ ሰውዬ አስተካክሎ መልሶ ላከው።

ኩዊዙን የሠራችው ከጓደኞቿ ጋር በአንድ ሰዓት፣ ማእድ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ነው። እኔ ኮሪደሩ ላይ መጥረጊያ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ድምፅ እንዳይሰማ አልጠርግም። ፈንዲሻው ይፈነዳል፣ ይቆማል፣ ይፈነዳል። አንዳንዴ ረጅም ጊዜ ዝም ይላል፤ ያኔ እያሰበች ነው። መጨረሻ ላይ አንዴ በኃይል ቁልፍ መታችና ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች።

«እማዬ! ስድስት ከአሥር!»

ፊቷን ለማየት ሮጬ ገባሁ። እየሳቀች ነበር።

«ሦስተኛውን ለምን እንደተሳሳትኩ ገብቶኛል» አለች። «ሰባተኛውንም። ሌሎቹን ሁለቱን ነገ ፕሮፌሰሩን እጠይቀዋለሁ።»

እሑድ ቤተ ክርስቲያን እስክንገናኝ አልጠበቅኩም፤ ወዲያው የክርስትና እናቷ ጋ ደወልኩ።

«ስድስት?» አለች። «በነፃ አሥር ይሰጣት አልነበር?»

«ነበር።»

«ስድስቱን ግን ራሷ ሠራችው?»

«ራሷ ሠራችው። ግራፉንም ራሷ አሳረመችው።»

«ቆይ፣ ስልኩን ከጆሮሽ ራቅ አድርጊው» አለችና እልልታዋን አቀለጠችው። ራቅ ባደርገውም ማእድ ቤቱን ሞላው። ልጄ ከደወልኩ በኋላ ያደረገችውን የጆሮ ማዳመጫ አንዱን ጎን አነሳች።

«እማዬ፣ ቀንሺው» አለች። «ምዕራፍ አምስትን እያነበብኩ ነው።»