ጋሽ ደምሴን ያስሮጠው ዘፈን

ባለፈው እሑድ የልጄ ባል ምሳ እየበላ የመንገድ ምልክት መስደብ ጀመረ። ከሚዛን ከተማ ወደ ቴፒ ሚኒባስ ይነዳል። አስፋልቱ ከገባ ወዲህ በየመታጠፊያው የተተከለው የፍጥነት ቁጥር አናዶታል። "ይህን የተከለው ሰውዬ አንድ ቀን መጥቶ ሄደ፤ እኔ በየቀኑ እመላለስበታለሁ። ታዲያ መንገዱን የሚያውቀው ማነው?" አለ። ልጄ በኩራት አየችው። እኔ ሳህኔን ገፋሁ። መንገዱን አሳምሮ የሚያውቅ ሹፌር ሰው ሲገድል አይቻለሁ። በዚያ ግድያ ውስጥ የእኔም ድምፅ ነበረበት።

ደርግ ከወደቀ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ቡና እለቅም ነበር። እሸት ቡና የማያውቅ ሰው የእኛን ችኮላ አይረዳውም። ጠዋት የተለቀመው ቀይ ፍሬ በዚያው ቀን መፈልፈያው ጣቢያ መድረስ አለበት። ከዘገየ ጆንያው ውስጥ ይሞቅና ይቦካል። የጣቢያው ሚዛን ያዥ እጁን ከትቶ ያሸተዋል፤ ፊቱን ካጨማደደ የቀኑ ድካም ገደል ገባ። ስለዚህ እኛ ሴቶቹ ጆንያውን አይሱዙ ላይ ጭነን፣ ከላዩ ተቀምጠን፣ ቡናችንን ራሳችን እናደርስ ነበር።

ሹፌራችን ጋሽ ደምሴ ይባላል፤ ዕድሜው ወደ አምሳ የሚጠጋ ዝምተኛ ሰው። ያኔ መንገዱ ጠጠር ነው። ከአንዲት ትንሽ ገበያ አጠገብ፣ መታጠፊያው ላይ፣ "30" የሚል ዝገት የበላው የቆርቆሮ ሰሌዳ ቆሞ ነበር። ገበያተኛው ፍየል ያስርበታል፤ ሹፌሮቹ እንዳላዩ ያልፉታል። ጋሽ ደምሴ ብቻ እዚያ ሲደርስ ማርሽ ቀንሶ ቀስ ብሎ ያልፍ ነበር። አንድ ቀን ምክንያቱን ጠየቅኩት። ሰዎች ቡናቸውን መንገድ ዳር ሰሌን ላይ እንደሚያሰጡ፣ ዝናብ ሲመጣ ግራ ቀኙን ሳያዩ ሊሰበስቡ እንደሚሮጡ ነገረኝ። ሳቅሁበት።

ከእነዚያ ሰሌን ዘርጊዎች አንዷ አስቴር ናት። እዚያው መታጠፊያ ላይ የተቀቀለ ጎደሬ በሚጥሚጣ ትሸጥልን ነበር። ምራቂ ሳንጠይቃት ትጨምርልናለች።

እኛ ለቃሚዎቹ አንድ ልማድ ነበረን። ሥራ ላይ የዘገየ ሰው በዘፈን ይሰደባል። የተሰደበው መቆጣት አይፈቀድለትም፤ መልሱ መፍጠን ብቻ ነው። ግጥም አውጪዋ እኔ ነበርኩ። ድምፄ ያምር ነበር፤ ምላሴ ግን መራራ ነው።

ያን ቀን ዘግይተን ጫንን። ጥቅምት ነበር፤ እኛ አገር ጥቅምትም ዝናብ አይለቅም፤ ሰማዩ በጌጫ በኩል ጠቁሯል። ጋሽ ደምሴ ሰሌዳው ጋ ሲደርስ እንደ ልማዱ ቀዝቀዝ አለ። እኔ የጋቢናውን ጣራ እየደበደብኩ አወጣሁ፦

ቀዩ ቡና ሸቶ ጠቆረ በመንገድ፣
ሹፌሩ አርግዞ ቀስ ብሎ ሲራመድ።

ሴቶቹ ተቀበሉኝ። ገበያተኛው በሳቅ ፈረሰ። አንድ ሽማግሌ ከጥላ ሥር "ደምሴ፣ ስንተኛ ወርህ ነው?" አለው። መኪናው ዘለለ። ጆንያው ላይ ወደ ኋላ ተንጋለልን። ደስ አለኝ። አልደብቅም፤ አንድ ትልቅ ሰው በእኔ ምላስ ተገርፎ ሲሮጥ ማየት ደስ አለኝ።

ዝናቡ ድንገት ወረደ። አስቴር ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ፣ ሰሌኗ ላይ ጎንበስ ብላ ቡናዋን ትሰበስብ ነበር። ፍሬኑ ሲያፏጭ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ጆንያ የወደቀ የሚመስል ድምፅ። ስወርድ ፀጉሯ ላይ የቡና ፍሬ ተጣብቋል። ጋሽ ደምሴ አቅፎ "ልጄ፣ ልጄ" ይላታል። ሞታለች።

የከፋው ከዚያ በኋላ ነው። ሬሳዋ ነጠላ ለብሶ እዚያው ተጋድሞ ሳለ ሌላ መኪና መጣ። እኛ ሴቶቹ ቡናው እንዳይቦካ ጆንያዎቻችንን አሻግረን ጫንን። በጊዜ ደረስን። ሚዛን ያዡ አሸተተና ጥሩ ነው አለ። ስንመለስ አንዷ ዘፈን የሚባል ነገር አልነበረም አለች፤ ሁላችንም ተስማማን።

ፍርድ ቤት ለምስክርነት ተጠራሁ። ዳኛው ሹፌሩ ፈጥኖ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አዎ አልኩ። እንዲፈጥን የገፋፋው ሰው እንደነበረ ጠየቁኝ። ጋሽ ደምሴን አየሁት፤ እሱም አየኝ። ሴቶች ስለዘፈኑብኝ ነው ብሎ ለዳኛ መናገር ለእሱ ከእስር ይብስበት ነበር። መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ።

"ማንም አልነበረም" አልኩ።

ሦስት ዓመት ታሰረ። ሲፈታ ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ ቤቱ ሄድኩ። ጥፋቴን አንድ በአንድ ተናግሬ እግሩ ላይ ልወድቅ ስል በእጁ አስቆመኝ።

"መጀመሪያ ዝፈኚልኝ" አለ።

አንደኛው ሽማግሌ ሊገላግለኝ ሞከረ። ጋሽ ደምሴ ዞሮም አላየው።

"ያን ቀን በሞተሩ ጩኸት ቃሉን አልሰማሁትም። የሰማሁት የገበያውን ሳቅና ፌዝ ብቻ ነው። ዝፈኚው።"

ሚስቱ በር ላይ ቆማ እያየችኝ ዘፈንኩ። ድምፄ አሁንም ያምር ነበር፤ እሱ ነው ያስጠላኝ። ስጨርስ ቀና ብሎ አየኝ።

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው ጋሽዬ።"

"ለዚች ነው እንግዲህ" አለና ወደ ጓዳ ገባ። ይቅር አላለኝም፤ አልረገመኝም። እኛም ጥቂት ጠብቀን ወጣን።

ይህን ሁሉ እሑድ ዕለት ለልጄ ባል ነገርኩት። "እማማ፣ እኔ እንኳ በዘፈን አልነዳም፤ በራሴ ነው የማመዛዝነው" አለኝ። ጋሽ ደምሴም በራሱ ነበር የሚያመዛዝነው። በዚያ መንገድ ላይ ከእሱ የተሻለ አመዛዛኝ አላየሁም። ግን ሰው ነው፤ ሰው ይሰደባል፣ ያፍራል፣ ይቸኩላል። ቆርቆሮ ላይ የተጻፈ ቁጥር አያፍርም። ሠላሳ ለደፋሩም ሠላሳ፣ ለፈሪውም ሠላሳ ነው። ሕጉ የጎደለው አንድ ነገር ቢኖር፣ ነዳጅ የረገጠውን እግር እንጂ ያስረገጠውን አፍ አለማሰሩ ነው።

አሁን መኪና ስሳፈር ከሹፌሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ከኋላ "ንዳው እንጂ" የሚል ሲኖር ዞሬ ስሙን እጠይቀዋለሁ፤ የአባቱንም ጭምር። አብዛኞቹ ይስቃሉ። አንዳንዱ ለምን እንደምፈልገው ይጠይቀኛል። ለምስክርነት እለዋለሁ።