የተውሶ ጋቢ

ሰውየው የጋቢውን ጫፍ ከወለሉ ከፍ አድርጎ ይዞ አንድ እርምጃ ወደ መስኮቱ ተጠጋ። በሌላ እጁ ያበጠ ሆዱን ደግፏል። ሰቆጣ ዳር ባለው የእርዳታ ድርጅት ክሊኒክ ወረፋ የያዙት ሁሉ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ እሱ ብቻ ቆሟል። ጋቢው እንዳይቆሽሽ ግድግዳውንም አይደገፍም። እግሩ እስከ ጉልበቱ የመጣበት የደሃና ወረዳ አቧራ ነው። ጋቢው ግን ነጭ ነው፤ የታጠፈበት መስመር እንኳ አልጠፋም።

ድሃ መሆኑን የሚመሰክረውን የቀበሌ ደብዳቤ አቀበለ። ከመስኮቱ ኋላ የተቀመጠው ጸሐፊ ከደብዳቤው ይልቅ ጋቢውን አየ።

«አባባ፣ ይህን ለብሰው በነጻ ልታከም ይላሉ?»

«የጎረቤቴ ነው፣ ልጄ። ሐኪም ፊት በቡትቶ ይቀረባል?»

«ሁሉም የጎረቤቴ ነው ይላል። በጀቱ ሊያልቅ ነው፤ የሚችል ይክፈል ተብለናል።»

አግዳሚው ላይ የተቀመጠች ሴት ሳቀች። «አያ፣ ጋቢ ለሠርግ ነው። እዚህ የሚያስከብረው ቡትቶ ነው።»

«ላውልቀውና ከሥር ያለውን እይ» አለው ሰውየው ጸሐፊውን።

«እኛ ልብስ አንመረምርም፣ አባባ። ቀበሌው እንደገና አጣርቶ ይጻፍልዎ።»

ሰውየው አልተቆጣም። ከበሩ ውጭ ጋቢውን አውልቆ በመስመሩ አጠፈውና ብብቱ ሥር ያዘው። የእጀ ጠባቡ መጣፊያ ከጨርቁ ይበዛል። ሆዱን እንደደገፈ የደሃናን መንገድ ያዘ።

በወሩ በዚያው እጀ ጠባብ፣ አዲስ ደብዳቤ ይዞ ተመለሰ። የዓመቱ የነጻ ሕክምና በጀት አልቆ ነበር።